መሪው ዝም ያለ ቀን

ጀማልዬ፣ የልቤ ሰው፤

አላህ ቀብርህን ሰፊና ብሩህ ያድርግልህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ወጣ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቀውም፤ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። የዘንድሮውን ግን ለብቻዬ ነው ያፈጠርኩት። አንዱን ተምር በላሁና ሁለተኛውን ላቀብልህ እጄን ስዘረጋ ባዶውን ፍራሽ አየሁት።

ቤቱ ደህና ነው። የግቢያችን ኒም ዛፍ አድጎ ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ ተኝቷል፤ ሙቀቱ ያው የምታውቀው የድሬ ሙቀት ነው። የጭነት መኪናህን የገዛው ሰውዬ እንዳንተው ጅቡቲ ይመላለስበታል። አንዳንድ ማታ በእኛ በኩል ሲያልፍ የሞተሩን ድምፅ እሰማና ራት ላሙቅ ብድግ እላለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኝና ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ዛሬ የምነግርህ ግን ስለ ትንሿ መኪና ነው።

ከከዚራ ሰፈር፣ ከአንዱ አሮጌ ቪላ ጓሮ ጎትተህ ያመጣሃት ቀን ትዝ ይልሃል? ባለቤቶቿ ጥለዋት ከአገር ከወጡ ዘመን አልፏል፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይነቷ ወደ ዝገት የሄደ የስፖርት መኪና። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ሳቀብህ። “አቦ ጀማል! ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና ምን ትሠራልሃለች?” ሲሉህ ላብህን እየጠረግክ “እኔና ነጃት ስንት ነን?” አልካቸው። አላህ ልጅ አልሰጠንም ነበርና ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ያመኝ ነበር። አንተ ስትለው ግን ሁለት መሆናችን ጉድለት አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ከጅቡቲ በተመለስክ ቁጥር አንድ ዕቃ ይዘህ ትመጣለህ፤ ከታናሽ ወንድምህ ከአብዲ ጋር ጋራዡ ውስጥ ትጠፋላችሁ። መኪናዋ መጀመሪያ ስትነሳ ድምፅዋ ሰፈሩን አነቃነቀው። እኔ ግን ከድምፅዋ ይልቅ የወደድኩት መሪዋን ነበር። ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ስታስለምደኝ፣ እጄን አጥብቄ መሪውን ስጨብጠው “ላላ አድርጊ፤ አንቺ አንቀሽ ከያዝሽው ምኑን ይንገርሽ?” ትለኝ ነበር። ላላ ሳደርገው እውነትህን ነበር። ሻካራ አስፋልት ላይ መዳፌ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ለስላሳው ላይ ዝም ይላል። ቆማ ሳዞራት ትከሻዬን የሚገነጥለኝ መሪ መንገድ ስትጀምር ይቀላል፤ ኩርባ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ቀስ እያለ ይከብዳል። ፍሬን ነካ ሳደርግ ክብደቷ ወደ ፊት ጎማዎቿ ሄዶ መሪው ሞላ ይልልኛል።

አንድ ነገር ግን ደጋግመህ አስጠንቅቀኸኝ ነበር። “ኩርባ ላይ ሲከብድሽ አትፍሪ፤ ጎማው መሬቱን ይዟል ማለት ነው። በድንገት ሲቀልልሽ ግን እግርሽን ከነዳጁ አንሺ።”

ካንተ በኋላ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ኒሙ ሥር ቆመች። አጠገቧ ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አብዲ መጣና “ነጃት፣ እንዲህ ቆማ ትበስብሳለች። ስጪኝ፣ አድሼ ላምጣልሽ” አለኝ። ትከሻዬን እንደሚያመኝም ያውቃል። ሰጠሁት።

ሲመልሳት ሙሽራ መስላለች። የፊት ጎማዎቿ ወፍራምና ሰፋፊ ሆነዋል፤ መሪውን የሚያግዝ ፓምፕ ከሌላ መኪና ፈትቶ ገጥሞላታል፤ ያ አንተ የያዝከው ቀጭን የእንጨት መሪ ወርዶ በምትኩ ትንሽ፣ ወፍራም ቆዳ የለበሰ መሪ ተተክቷል። “አሁን በአንድ ጣት ትነጂያታለሽ!” አለኝ፤ ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። አመሰገንኩት፤ ወላሂ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት።

በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አንድ ዙር ነዳኋት። እንዳለው በአንድ ጣት ትዞራለች። ድንጋይ ንጣፉን ስረግጥ የምጠብቀው መንቀጥቀጥ ግን አልመጣም። ጉድጓድ ገባሁ፤ ወንበሩ ነገረኝ እንጂ መሪው አልነገረኝም። ከእጄ ሥር መንገዱ ጠፋብኝ። እቤት ደርሼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ጀማልዬ። በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቢሆንም ልልመዳት ብዬ አንድ ዓርብ ከሰዓት ወደ ደንገጎ ወጣሁ። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። ስንቴ አብረን የወጣንበት ዳገት ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው መሰለኝ። አንዱ ኩርባ ላይ ጎርፉ ጠጠር አውጥቶ አስፋልቱ ላይ በትኖታል። እኔ መሪውን እያዞርኩ ነው፤ መኪናዋ ግን በቀጥታ ወደ ገደሉ በኩል ትሄዳለች። መሪው ከበፊቱ አልቀለለም፣ አልከበደም፤ ምንም አላለኝም። ጎማው መሬቱን መልቀቁን ያወቅኩት በዓይኔ ነው። እግሬን አነሳሁ፤ ዘግይቼ ነበር። የአላህ ጥበቃ ሆኖ ከመንገዱ ዳር የተቆለለ አፈር ውስጥ ተሰካችና ቆመች።

ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ዕቃዋን ጥላ ሮጣ መጣች። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች “አይዞሽ እህቴ፣ ደም የለም፣ አይዞሽ” እያለች ከመኪናው አወጣችኝና ውኃ አጠጣችኝ። “ሰው አለሽ? ማን ይጠራልሽ?” ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው ያንተ ስም ነበር። ዋጥኩትና የአብዲን ስልክ ሰጠኋት።

አብዲ በሰው ፒካፕ እየበረረ ደረሰ። ቁስል እንደሌለኝ ካየ በኋላ ነው መኪናዋን ያያት። እኔም በድንጋጤው ብዛት ጮህኩበት። “መሪዋን መልስልኝ! የወንድምህን መሪ መልስልኝ!”

“ለአንቺው ብዬ ነው እኮ” አለ።

“አውቃለሁ። ግን ምንም አይሰማኝም፣ አብዲ። ምንም!”

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረኝ። “ጋራዥ ልወስዳት የነዳኋት ቀን መንገዱን ልጨርሰው አልቻልኩም። መሪው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጀማል እጁን እጄ ላይ ደርቦ የሚያስተምረኝ እየመሰለኝ፣ አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። አንቺ ላይ ደግሞ ይብስብሻል ብዬ ነው ዝም ያሰኘሁት።”

ጀማልዬ፣ እኔ ሐዘኑን ብቻዬን የያዝኩት መስሎኝ ነበር። ይህ ልጅ በየሳምንቱ እየመጣ ቧንቧ ሲያጠብቅልኝ፣ አምፖል ሲቀይርልኝ፣ አንድም ቀን ስለ ራሱ ጠይቄው አላውቅም። እዚያው አፈር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ አለቀስን። ቲማቲም ሻጯም ነገሩ ባይገባትም አብራን አለቀሰች።

አሮጌውን ዕቃ አልጣለውም ነበር። ሁለታችን ሆነን መመለስ ጀመርን፤ እሱ ይፈታል፣ እኔ መብራት እይዛለሁ። መጀመሪያ ጠባቦቹን ጎማዎች አሰርን፤ መሪው ትንሽ ነፍስ ዘራ። ፓምፑ ሲወጣ ክብደቱ ተመለሰ፤ ትከሻዬም ሕመሙ ተመለሰበት፣ ግድ የለም። የጎማውን ነፋስ ሙቀቱ ሳይነሳ ጠዋት ለካን፤ አብዝተን ስንሞላው መሪው ይቅበጠበጣል፣ ስናሳንሰው ደግሞ ይንቀረፈፋል። የፊት ጎማዎቿ ወደ ውስጥ ዘምመው ነበርና አብዲ በጥቂቱ ሲያቃናቸው ቀጥታ መንገድ ላይ መቅበዝበዟን ተወች። የእንጨቱን መሪ በመጨረሻ አሰርነው።

ከዚያ ለብቻዬ ነዳኋት። መንቀጥቀጡ አለ፣ ክብደቱ አለ፣ ግን አሁንም እንደ ድሮው አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ያደላብኛል። ተመልሼ ለአብዲ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ነካካ፣ ቀና አለ። “ምንም አልጎደላትም” አለኝ። “ቀላል መኪና ናት፤ ድሮ ከጀማል ጋር ስናስተካክላት ሁለት ሰው ተቀምጦባት ነው። ጎንሽ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ይታወቃታል።”

አስተካክልልኝ አላልኩትም። ቢፈልግ ያስተካክለው ነበር፤ እሱም አልጠየቀኝም።

አሁን አንዳንድ ዓርብ አብረን እንወጣለን። አብዲ ይነዳል፣ ወይ እኔ እነዳለሁ። ብቸኝነቱ ሄደልኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ቤት ስመለስ በሩን የምከፍተው ያው እኔ ነኝ፣ የምዘጋውም እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ። ሰው እኔ ፊት ስምህን አይጠራም፤ እንዳያመኝ ብለው ነው። “እሱ” ይሉሃል፣ “ሟቹ” ይሉሃል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወሬ ይለውጣሉ። እኔም ስሰማቸው ዝም እል ነበር። ባለፈው ሳምንት እህትህ ቤት ለዱዓ ተሰብስበን አንዲት ጎረቤት “ያ እሱ… አላህ ይርሀመው” ብላ ስታቆም፣ “ጀማል ነው ስሙ” አልኳት፤ ጮክ ብዬ። ከዚያ አብዲ ከጥግ “ጀማል አንድ ጊዜ ምን አደረገ መሰላችሁ…” ብሎ ጀመረ። እህትህ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ እስክንበተን ስምህ ከአፋችን አልጠፋም።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ስም የሌለህ ሟች አትሆንም፣ ጀማልዬ። ጠዋት ስነሳ እጠራሃለሁ፣ ዱዓ ሳደርግ እጠራሃለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝም ሳይጠይቀኝም እጠራሃለሁ፤ ጀማል ባሌ ነው ብዬ።

ሚስትህ ነጃት፣
ከድሬዳዋ