የቀረችኝ የደም ሥር

ሐምሌ፣ ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት። መርሳ

ሁለት ጣቴን ግራ ክንዴ ላይ አሳረፍኩ። ዝም። ደብተሬ፣ ታውቂያለሽ፤ ደም ቅዳና ደም መልሴን አገናኝተው ከሰፉልኝ ወዲህ በየጠዋቱ እዚያ ቦታ ይነዝረኝ ነበር። የኩላሊት እጥበቱ መርፌ የሚገባው በዚያ ነው። ባሌን ሰይድን ቀሰቀስኩት። ጆሮውን ለጥፎ ብዙ አዳመጠ። "ትንሽ ደክሞት ይሆናል" አለኝ። መዋሸት አይችልበትም። በቀኝ ክንዴ የሰፉልኝ አምና ተዘግቷል። ነገ ደሴ የእጥበት ቀኔ ነው። ጦርነቱን ሽሽት ከወልድያ የሚመጡት ሚኒባሶች ፍራሽ ጭነዋል።

ረቡዕ፣ ቀን 8 ሰዓት። ደሴ

ደሙ ረግቶ ዘግቶታል። ዶክተሩ አንገቴንም በአልትራሳውንድ አየው። በፊት ቱቦ የገባባቸው ሥሮች ጠበዋል፣ በግራም በቀኝም። የቀረኝ ጭን ነው። በአንዱ ብሽሽት ለጊዜው ቱቦ፣ ዛሬውኑ። በሌላው ጭን ከቆዳ ሥር ሰው ሠራሽ የደም ሥር ይቀበራል፤ ለመርፌ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ያህል።

እምቢ አልኩ። ሐኪሙ ወንድ ነው። ደግሞስ በዚህ ጦርነት ቱቦ ብሽሽቴ ላይ? "መሮጥ ቢመጣስ?" አልኩት። እንዲህ መለሰልኝ፦ "ሩጫ አይሆንም። ያለ እጥበት ግን መቀመጥም አትችይም፣ ዘይነብ።"

ተማክሬ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ዶክተሩ ሳይታጠቡ ልብ ያቆማል ብሎ ሙዝና ብርቱካን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። መርሳ

ከሰሜን በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል። እግሬ አብጧል። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ሰይድ ዛሬውኑ እንውጣ ይላል። አብራን የምትኖረው እናቴ፣ እማ፣ ቤቱን ለማን ጥዬ ትላለች። እሷ ካልሄደች አልሄድም አልኩ። ደሴ እምቢ ያልኩበትን ምክንያት በሹክሹክታ ነገርኳት። ተቆጣች።

"ይኼን ገላ አጥቤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ! ለሕክምና ሲሆን ነውር የለውም፣ አላህም ያውቃል። እኔን የምትጎጂኝ ብትሞችብኝ ነው።"

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ልብሷን መቋጠር ጀመረች።

አርብ፣ ረፋድ። መንገድ ላይ

የእህል መኪና ላይ ነን። ውርጌሳ ስንደርስ እማ አቁሙልኝ አለች። እህቷ እዚያ ናት፣ ብቻዋን፣ እግሯ አይሄድላትም። የተሳፈረችው እኔን ከቤት ለማስወጣት ኖሯል። ሰይድ ለመናት። "አንቱ ከቀሩ ይችም አትሄድም፣ በአላህ!" "እናንተ ሂዱ። ኢንሻአላህ እደርስባችኋለሁ" አለች። ግንባሬን ስማ ወረደች። ልከተላት ስል ሰይድ እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። እስከ ሐይቅ አላናገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ማታ 12 ሰዓት። ደሴ

ቱቦው ገባ። ዶክተሩ ከመንካቱ በፊት አስፈቀደኝ። ነርሷ መዳፍ ከምታህል ቦታ በቀር ሁሉን ሸፍና እጄን እንደያዘች ቆየች። ይኼን ነበር የፈራሁት? ለአራት ሰዓት ያህል ታጠብኩ። ተነፈስኩ። አልሐምዱሊላህ። የውርጌሳ ስልክ አይሠራም።

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ደሴ

ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነው። ዶክተሩ አልደበቀኝም። ከተሠራሁ በኋላ ከተማው ቢታወክ ለቀናት እንደ ልቤ መንቀሳቀስ አልችልም። ብተወው ደግሞ የብሽሽቱ ቱቦ ቶሎ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ከዚያ ሌላ ሥር ማግኘት ከባድ ነው።

ሰይድ ትናንት መናኸሪያ ከውርጌሳ የመጣ ሰው አገኘ። እማ ደህና ናት። እህቷን የሚጭንላት መኪና አጥታ ነው የቆየችው። መንገዱ ለዛሬ ክፍት ነው። ለነገ ማንም አያውቅም። ሰይድ ከቀዶ ጥገናው ሳትወጪ ከበሩ ንቅንቅ አልልም ይላል። እስከዚያ መንገዱ ቢዘጋስ?

ለቀዶ ጥገናው ፈረምኩ። በራሴ እጅ። ሰይድን አሁኑኑ ሂድ፣ ሁለቱንም ይዘህ ና አልኩት። እምቢ አለ። ለመንኩት። ዓይኑን በጋቢው እየጠረገ ወጣ። እኔ ብቻዬን እገባለሁ። ነርሷ ዊልቸር ይዛ መጥታለች፣ እስክሪብቶውን ስጪኝ እያለች