ከመርዶው በፊት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የእማማ ዘይነባ ልጅ ዛሬ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል እጃችን ላይ ሞተች። ወንድሟ፣ «ሲስተር፣ አጎታችን ከከላላ መጥቶ እስኪያረዳት ድረስ ለእናቴ እንዳትነግሪያት» ብሎ ለመነኝ። ደንባችን ነውና እሺ አልኩ።

እማማ በር ላይ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ ሰጡኝ። «ቀስ አድርገሽ አጠጭልኝ፤ አላህ ይስጥሽ።» ተቀበልኳቸው። ትንሽ ቆይተው፣ «እህ፣ ጠጣችልኝ?» አሉኝ።

«ትንሽ ቀመሰች» አልኩ። የተለመንኩት ዝም እንድል ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ የሞተ ሰው መግቤ አላውቅም።

አጎትየው ሲደርስ እማማ ሮጠው ተቀበሉት። «ወንድምዬ፣ ልጄ እህል ቀመሰችልኝ! አልሐምዱሊላህ!»

መርዶ ይዞ የመጣው ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ቤቴ ገብቼም ዓይኑ አልለቀቀኝም። ነገም ተረኛ ነኝ።