በጾም የተለካ ቦታ

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ዲስኮቹ አዲሱ ሰርቨር ውስጥ ገቡ። አንዱ አስለፍቶኛል፤ ትሪው ጠሞ ነበር፣ አውጥቼ አቀናሁትና እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ ማራገቢያው ሲጮህ ይውላል። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ኃ/ጋርመንት አደባባይ ላይ። መስኮቱ አይከፈትም፣ አቧራ ይገባል። ሰውም አይመጣም። ጥሩ ነው፣ ካልመጡ አይነካኩም። (ይህን አንተም አታምነኝም፣ ደብተሬ።)

ዲስኮቹን አዋሕጄ አንድ የጋራ ማከማቻ፣ ገንዳ የምንለውን፣ ሠራሁ። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲሸፍን ሆኖ፣ የተጣራው ዐሥራ ሁለት ቴራባይት ነው። የሚካፈሉት አራት የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮዎች ናቸው። ከእነሱ እስከ እኛ ፋይበር ተዘርግቷል፤ የቀረጹትን ወዲህ ያስቀምጣሉ። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ስጥ አሉኝ። አራት ጊዜ ስምንት ሠላሳ ሁለት ነው አልኳቸው። ሒሳብ ተምሬያለሁ አሉኝ።

ነገሩ ማጭበርበር አይደለም፤ ስለማታውቅ ልንገርህ። በሙያው «ቲን» ይባላል፣ ስስ እንደማለት። ባለ ስቱዲዮው ስክሪኑ ላይ ስምንት ይታየዋል። ከገንዳው የሚቀነሰው ግን የጻፈው ያህል ብቻ ነው። ሁሉም ባንዴ አይሞሉም ተብሎ የሚሠራ ነው። ገንዳው መሙላት ሲጀምር ባለቤቱ ዲስክ ይጨምራል። ይጨምራል እንበል።

ማታ ቤት ገባሁ። ሳምሶን ጥር ላይ አግብቶ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ያስተጋባል። ለዓመታት ኪራይ ተጋርተን ስንኖር ስለ መታጠቢያ ቤቱ ስንጨቃጨቅ ነበር፤ አሁን መታጠቢያ ቤቱ የብቻዬ ነው፣ እንኳን ደስ ያለኝ። ሶፋው የእሱ ነበር፣ ፍሪጁም። ሽሮ ሠራሁ። እጄ አሁንም ለሁለት ሰው ነው የሚሠራው። ግማሹን ጣልኩ።


መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

አራቱን ቮልዩሞች፣ የየስቱዲዮውን ድርሻ ማለት ነው፣ ፈጠርኩ። በየስቱዲዮው ሰፈር ስም ሰጠኋቸው፦ ጀሞ፣ ፉሪ፣ ለቡ፣ ገብርኤል። የድሮ ፋይላቸውን ከአሮጌው ሰርቨር አዛወርኩ። ገንዳው ከግማሽ በላይ ደረሰ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ። ቀሪው ይበቃል ወይ? ከየካቲት አጋማሽ ወዲህ ያለውን አጠቃቀም አየሁ። አራቱም ተደምረው የጻፉት እዚህ ግባ አይባልም። በዚህ አካሄድ ዓመት ያደርሳል ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ አለኝ። ሰው ከነካኝ ቆይቷል።

ማስጠንቀቂያም አበጀሁ፤ ገንዳው ሰማንያ ከመቶ ሲሞላ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል። ሞከርኩት፣ ጮኸ። በዚህ ሳምንት ከማስታወቂያ ውጪ የደረሰኝ ብቸኛ መልእክት ራሴው ያዘዝኩት ነው።


መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ዛሬ ገብርኤል ደወለች። ማለትም ሂሩት፣ ብ/ገብርኤል አጠገብ ያለው ስቱዲዮ ባለቤት። ቀረጻውንም ኤዲቱንም ራሷ ናት። ድምፅ ብቻ ናት ለእኔ፣ አይቻት አላውቅም። ስንት ቦታ አለኝ አለች። ስክሪኑ የሚለውን አነበብኩላት። ያ ሁሉ የእኔ ነው? አለች። በሽ ነው አልኳት።

እንዲህ ከሆነማ ሌላ ሜሞሪ አልገዛም አለች። ሠርጉን ትቀርጻለች፣ ወደ እኔ ትገለብጣለች፣ ሜሞሪውን ፎርማት አድርጋ ለሚቀጥለው ሠርግ ትይዘዋለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ሌላ ኮፒ ይኑርሽ፣ ቁጥሩን እንዳለ አትቀበይው ምናምን። አላልኩም። ምሳ በላህ ወይ ብላ ጠይቃኝ ስለነበር አእምሮዬ እዚያ ቀርቷል። ሰው ምሳ ስለመብላቴ ከጠየቀኝ ስንት ጊዜው ነው።


መጋቢት 24፣ ሐሙስ

በየምሽቱ ትደውላለች። የምትገለብጠው ነገር የለም፣ ግን ትደውላለች። ሥራ ቀዝቅዟል፣ ከካሜራ ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ ትላለች። ቦታዬ አለ? ትላለች። አለ እላለሁ። ከዚያ ወሬ። አከራይዋን ታማለች። የመንገዱን ቁፋሮ ታማለች። እኔም የማማው ሰው ፈልጌ ጋሽ ታደሰን አማሁ።

እውነቱን ልነግራት ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። ስምንቱ ስምንት አይደለም፣ ከሦስት ሰዎች ጋር የምትሻሚው ነው ልላት። ግን ከነገርኳት ምን ልትጠይቀኝ ትደውላለች? ደብተሬ፣ ካንተ አልደብቅም፤ የፈራሁት እሱን ነው።

ጋሽ ታደሰን ተጨማሪው ዲስክ መቼ ይገባል አልኳቸው። ዶላር እየጠበቀ ነው አሉ። ሁሉም ነገር ዶላር እየጠበቀ ነው።


ሚያዝያ 4፣ እሑድ። ፋሲካ

ጎረቤቴ እማማ ዘውዴ ዶሮ ላኩልኝ፣ እንቁላሉ ሳይቀር። ቆሜ በላሁ። ሳምሶን ለበዓሉ የተነሳውን ፎቶ ከነሚስቱ ላከ። ለሁሉም የላከው ነው።

ሂሩት እንኳን አደረሰህ ልትል ደወለች። ደክሟታል ገና ከአሁኑ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ሦስት ሠርግ አለባት፤ ረዳት ካሜራማን ልትቀጥር ነው። ከዚያም እስከ ግንቦት ድረስ ቅዳሜና እሑድ ተይዟል። የፉሪውም የጀሞውም እንደዚሁ ነው አሉ። ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የት ነበር ይሄ ሁሉ ሙሽራ? አልኳት። እሷም ሳቀች።

«አንተ ደግሞ፣ በሁዳዴ ማን ያገባል?»

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሁዳዴ። የለካሁት በሁዳዴ ነው! እኔው ራሴ ሽሮዬን እየበላሁ፣ እየጾምኩ፣ ጾም መሆኑን እያወቅሁ፣ በጾም ወር የሠርግ ቪዲዮ ለክቼ ዓመት ያደርሳል ብዬ ፈርሜያለሁ። ይህን ዘዴ የፈጠሩት ሰዎች ሁሉም ባንዴ አይሞሉም ብለዋል። እነሱ አገር ሰው ሲመቸው ያገባ ይሆናል። እዚህ ከተማው በሙሉ በአንድ እሑድ ነው የሚያገባው።

እንዲህ ያለ ጅል አይቼ አላውቅም።


ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ያ ባሰብኝ። ለደንበኞቹ ትንፍሽ እንዳትል፣ ሰው ይሸሽብናል አሉ። ዲስኩ ግንቦት ላይ ይገባል። እስከዚያ እንደምንም። እሺ አልኩ። እሺ የምትባል ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅታ ነው የምትኖረው።

ምሽት ላይ ሂሩት ደወለች። ቦታዬስ? አለች። በሽ ነው አልኩ። ከዚህ በፊት ስለው ስስ እውነት ነበር። ዛሬ ግን ለይቶለት ውሸት ነው።


ሚያዝያ 11፣ እሑድ። ዳግማይ ትንሣኤ

እሑድ ሆኖ ቢሮ ነኝ። ማንም አልጠራኝም። ከታች አደባባዩን የሙሽራ መኪና ሞልቶታል፣ ጡሩንባው እዚህ ድረስ ይሰማል። አንድ ካሜራማን ከመኪና ጣሪያ ወገቡን አውጥቶ ወደ ኋላ ይቀርጻል። ከአራቱ የማንኛቸው ይሆን? የቀረጸው ማታ እዚህ ይመጣል።

የትናንቶቹ ሠርጎች ጠዋት ገቡ። ሰማንያ አለፈ፣ ስልኬ ጮኸ። ሰው መስሎኝ ዘልዬ አነሳሁት።

የቻልኩትን አደረግሁ። የተሰረዘ ፋይል ቦታው ለገንዳው ወዲያው አይመለስም፣ መጥረግ ይፈልጋል፤ ጠረግሁ። አሮጌ ቅጂዎችን አጠፋሁ። ትንሽ ወረደ። ሲመሽ አራቱም እኩል መገልበጥ ጀመሩ፣ እንደገና ወጣ።

ገንዳው ጢም ካለ የሚሆነውን ልንገርህ። በዚያች ሰዓት የሚጻፈው መሃል ላይ ይቆረጣል። ስቱዲዮዎቹ ስክሪን ላይ ግን አሁንም ብዙ ቴራ ባዶ ይታያል፤ ስለዚህ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። ቀድሞ የተጻፈውም ሊበላሽ ይችላል።

ሂሩት አልደወለችም፣ ሥራ ላይ ናት። መልእክት ላከች፦ የሁለቱ ሠርግ ገብቷል፣ ሜሞሪዎቹን ፎርማት አድርጌያለሁ፣ ሦስተኛው በመንገድ ላይ ነው፣ ተባረክ። ተባረክ አለችኝ። የሁለት ሙሽሮች ቀን አሁን የትም የለም፣ እዚህ እንጂ። እዚህ ደግሞ ቦታ የለም።


ሚያዝያ 12፣ ሰኞ። ጠዋት

ዘጠና አራት።

አራቱንም ቮልዩም ዘጋሁ። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። ሳላስፈቅድ።

ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። አሁኑኑ ክፈት አሉ። ከጠየቁህ ሲስተም የለም በላቸው። በዚህ ከተማ ሲስተም የለም ከተባለ ሰው ይመለሳል፣ ማንም አይጨቃጨቅም። እውነታቸውን ነው። እኔም ስንት መስኮት ላይ ተብዬ ተመልሻለሁ።

አልከፈትኩም። ሂሩት ጋ ደወልኩ። እኔ ስደውልላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምነው፣ ሰላም ነው? አለች በደስታ። ሁሉንም ነገርኳት። ስምንቱ ስምንት እንዳልሆነ፣ አራት ሰው እንደሚሻማው፣ ሊሞላ እንደሆነ፣ ሦስተኛውን ሜሞሪ እንዳትነካ። ፋይሎቿን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ መቼ አወቅህ? አለች። ስምንቱን ከመጀመሪያው፣ መሙላቱን ከፋሲካ አልኳት።

ዘጋችው።

ሌሎቹ ሦስቱ ጋም ደወልኩ። የፉሪው ሰውዬ የተናገረኝን አልጽፍልህም፣ ንጹሕ ወረቀት ነህ።


ያው ቀን፣ ከሰዓት

መጡ። አራቱም። ኤክስተርናል ዲስካቸውን፣ ላፕቶፓቸውን፣ አንዱ እንዲያውም ሙሉ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፣ በአቧራው ምክንያት፤ ያን ሁሉ ንዴት ይዘው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲፈቱ አየሁ። ሂሩት በድምፅዋ ከማውቃት ታጥራለች። መነጽር አላት። አልጨበጠችኝም።

ጮሁ። የፉሪው ኮሌታዬን ያዘ፣ የለቡው አስለቀቀው። ትክክል ናችሁ አልኳቸው፣ እሱም አናደዳቸው። ጩኸቱ ሲደክም መገልበጥ ጀመርን፣ በመጀመሪያ የሰሞኑን ሠርጎች፣ የሁሉንም ባንዴ። የሂሩትን ሁለቱን ሠርግ ፊቷ ከፈትኳቸው። ተጫወቱ። አንዷ ሙሽራ ቬሏን በእጇ ጠቅልላ ከመኪና ስትወርድ፣ ሌላዋ ስታለቅስ። ደህና ናቸው። ሂሩት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ጋሽ ታደሰ ደወሉ። እንዳልኩህ ሲስተም ነው በላቸው አሉ። ሁሉም እየሰሙ፣ ሲስተሙ ደህና ነው ጋሼ፣ የዋሸነው እኛ ነን አልኩ። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥተህ ውጣ አሉ። ገልብጠን ስንጨርስ አልኳቸው። እውነት መናገር እንደዚህ ቀላል እንደሆነ ባውቅ በመጋቢት አደርገው ነበር።


ምሽት

ጥግ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ወለሉ ላይ ሁሉም ተዘርግተዋል። የጀሞው ወርዶ ዳቦና አቮካዶ ይዞ መጣ፤ ቆረሰና ሳያየኝ ለእኔም አቀበለኝ። የለቡው፣ ሚዜው ቀለበቱን ሆቴል ረስቶ ሙሽሮቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፀሐይ ላይ እንደ ቆሙ እያወራ ነው። የፉሪው ሳቀ፣ ከዚያ መናደዱ ትዝ ብሎት ተወው። እኔም ሳቅኩ። ማራገቢያው አይሰማም፣ ወሬው በልጦታል። ይህ ክፍል ሰው ሲኖርበት ጠባብ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ነገ ሥራ የለኝም። ኪራይ አለብኝ፣ ለብቻዬ። ይህን እያወቅሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ቅጂው ቀስ ቢል ደስ ይለኛል።

የጀሞውና የለቡው ጨርሰው ሄዱ። ደህና ሁን አሉኝ፣ የለቡው እንዲያውም አይዞህ አለኝ። የፉሪው ዲስኩን ነቅሎ ምንም ሳይል ወጣ። የቀረችው ሂሩት ብቻ ናት። ሦስተኛውን ሠርግም ከሜሞሪው ወደ ዲስኳ በእኔ ኮምፒውተር እየገለበጠች ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

ስንት ቀረው? አለችኝ አሁን፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ከጠዋቱ ስልክ ወዲህ ለእኔ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

ስክሪኑ ከእኔ በቀር ለማንም አይታይም። አንድ ሰዓት ብላት ትቀመጣለች።

ሦስት ደቂቃ አልኳት፣ እውነቱን። ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።