ጂንም አይደል፣ እርጅናም አይደል

ይድረስ ለልጄ ለሀናን። አላህ በሰው አገር ዐይኑን ካንቺ አያንሳ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላው አሽቷል፣ ግመሏም ወልዳለች።

አባትሽ ግን ታሞ ነበር። ራሱን ሲያመው ሰነበተና ስማችንን ይረሳ ጀመር፤ የዋጃ ገበያ መንገድ እንኳ ጠፋበት፤ ቀኝ እጁም ዱላ መያዝ አቃተው። ጎረቤቱ "ጂን መትቶት ነው" ብሎ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ አደረገለት። ዱዓውን "አሚን" አልኩ፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሰንን ባጃጅ ግን አላስቀረሁም።

ሐኪሞቹ "እርጅና ነው" ቢሉኝ፣ ካንቺም ጭምር አስራ ሁለት ዓመት የደበቅነውን የኤችአይቪ ካርዱን፣ አብሮን በመጣው በአጎትሽ በሙንተሲር ፊት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "ይህ ያለበት ሰው እንዲህ ሲሆን ጭንቅላቱ ይታያል እንጂ እርጅና አይባልም!" አልኩ። የኔንም ካርድ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ሲመረምሩት፣ ለካ መድኃኒቱን አቋርጦ፣ በሽታው አንጎሉ ገብቶ ኖሯል። ታከመ፤ ዛሬ ዱላውን ይዞ ማሽላውን ይጠብቃል።

ሙንተሲር "እናትሽ አዋረደችን" ብሎ ይደውልልሻል። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመውና፣ አትሟገቺው። "ስልኩን ለአባቴ ስጠው" በይው። ስምሽን ይጠራልሻል።

እናትሽ ኡሙሰልማ፣ ከቆቦ