በወንዙና በጥብቁ መካከል

ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቀወት፣ ሮቢ ወንዝ ዳር

ለምወድህ ልጄ ለሙሉቀን፣

የሎግያ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? ስልክ አላነሣ ስላልከኝ በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀት እንደሆነ አይዘጋብኝም።

እኛ ታስረናል። ጎርፉ የምንወጣበትን የወንዝ ዳር መንገድ ጠራርጎ ወሰደው። ከፊታችን ሮቢ ሞልቶ ይጮሃል። ከጓሯችን ያለው ደግሞ ወንዙ መሬታችንን እንዳይበላ ብለን በቄስ ያስገዘትነው ጥብቅ ደን ነው፤ እንኳን ሊቆረጥ እግርም አይገባበትም። ጎረቤታችን ዓይናለም ከማዶ ገመድ እየወረወረች ዱቄትና ጨው ትልክልናለች። ይህም ደብዳቤ የሚሻገረው በሷ ገመድ ነው። እኔ ቤቱ ሲጠበኝ እወጣለሁ፣ ውኃውን ሳይ ደጁም ይጠበኝና ተመልሼ እገባለሁ።

አባትህን ጎርፉ ያመጣው ግንድ እግሩን መትቶታል። አልደብቅህም፣ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከማዶ ሆና የነገርኳትን ሰምታ፣ "ቶሎ ሸዋ ሮቢት ካልደረሰ ለነፍሱም ያሰጋዋል" አለችኝ። በቃሬዛ ለማውጣት ግን ጥብቁን መንጥሮ መንገድ ማበጀት ግድ ነው።

የገዘቱት መምሬ ኤፍሬም ትናንት ከማዶ ቆመው፣ "ተሰማ፣ ያስገዘትከው አንተ ነህ። ይፈታ በለኝና ዛሬውኑ ልፍታው። ሰዉ ከጥብቁ ጀርባ ገጀራውን ይዞ እየጠበቀህ ነው" ብለው ተጣሩ።

አባትህ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለልጄ ያላስፈታሁትን ለእግሬ አላስፈታም።"

ያቺን ለጎጆህ ምሰሶ ከጥብቁ የቆረጥካትን ግራር ማለቱ ነው። ራሱ ይዞ ሽማግሌ ፊት ካቆመህ፣ አንተም ሠርግህን ጥለህ ከሄድክ ወዲህ፣ አንድም ቀን አንስቷት አያውቅም ነበር። ተናደድኩ። "እንግዲያው እዚሁ ሙት፤ እኔም ከሬሳህ ጋር ልታሰር" አልኩት። ወጥቼም አለቀስኩ።

ዛሬ ልጽፍልህ ስቀመጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ "እሱ ቢመጣ በየት በኩል ይገባል?" አለኝ።

"መግቢያማ የለም" አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። "ከመጣስ ለመምሬ ንገሪያቸው፣ ይፍቱት። እሱ ይግባበት ብዬ ነው እንጂ እኔ ልወጣበት አይደለም።"

"አሁኑኑ ልጥራቸው?"

"ልጁን በዓይኔ ሳላይማ አይሆንም" አለ።

ልጄ፣ ይቅር በለው አልልህም፤ እሱን ለአንተና ለእግዜር ትቻለሁ። የምትይዘው ዕቃም አይኑር፣ በመጀመሪያው መኪና ተነሥ። እመብርሃን ከመንገድ ክፉ ትሰውርህ፣ እግርህንም ታፍጥንልኝ። መግባቱ ቢከብድህ እንኳ መጥተህ ከማዶ ብቻ ቁምለት።

እናትህ የሺ