እንደ ሬሳ የተጋደምኩበት ጠዋት

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ልጄ ሳራ ዛሬ ኤል ሴሪቶ ከተማ ወዳለው የዮጋ ክላሷ ይዛኝ ሄደች። "ማሚ፣ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው" እያለች ወር ሙሉ ስትለምነኝ ነበር። አስተማሪዋ እኩያዬ የሚሆኑ ህንዳዊት ናቸው። ማፍታታቱን እንደምንም ተወጣሁት። መጨረሻ ላይ ግን "አሁን እንደ ሬሳ ተጋደሙ" አሉ።

በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ወዲያው ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ሱዳን ስንሰደድ፣ ወታደሮች የማሽላ እርሻ ውስጥ ሲፈልጉን፣ እንዲሁ ተንጋልዬ የሞትኩ መስያለሁ። ከዚያ ወዲህ በጀርባዬ ተኝቼ አላውቅም። ልነሳ ስል አስተማሪዋ መጥተው እጃቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

"የሚፈራውን ይተዉትና የሚያየውን ይፈልጉት" አሉኝ ቀስ ብለው።

ትንፋሼን ተከተልኩ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ሰው በመስኮት መንገደኛ እንደሚያይ ሲያልፍ አየሁት። የማየው እኔ ግን አልፈራሁም። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ደስታ ሞላኝ። ክፍሉም፣ ጉልበቴም፣ ስሜም ጠፉብኝ።

ሌሎቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሲወጡ እንኳ አልሰማሁም። ሳራ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ማሚ፣ ዌር ዩ ስሊፒንግ?" አለችኝ።

"አልተኛሁም፣ የኔ ልጅ" አልኳት።

ስለ ማሽላው ነግሬያት አላውቅም ነበር። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። መንዳት አቅቷት ዳር ይዛ ቆመችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ነገ ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አስቤያለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ያ ደስታ ኃጢአት ነው ቢሉኝ ግን እሺ ብዬ የማምን አይመስለኝም።