ከታምቡሩ የተነፋው አቧራ

ውድ ዱባለ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔና ልጃችን ረድኤት ደህና ነን። በስልክ መናገር አቅቶኝ አይደለም የምጽፈው። ስለ ረድኤት ትምህርት ስናወራ ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማሃል፤ ስለ ሳልህ ስጠይቅህ ግን ኔትወርኩ ይጠፋብሃል። ወረቀት ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው፣ ከሁምቦ ወዲያ ወዳላችሁበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ለሚመጣው ሹፌር የሰጠሁት።

ፈርቻለሁ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም።

ማክሰኞ ቸሩን ልጠይቅ ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ያንተው ቸሩ፣ እዚህ ሶዶ ጋራዥ አብሮህ የከባድ መኪና ፍሬን ሲፈታ የኖረው። ተኝቷል ሲሉኝ ወባ መስሎኝ ነበር። ትንፋሹን ገና ከበሩ ሰማሁት። ሊስቅልኝ ሞከረ፤ ሳቁን ሳል ቀማው። ሚስቱ የማርያምወርቅ እጄን ይዛ፣ «ሰብልዬ፣ ሳንባው ጠባሳ ይዟል ነው የሚሉት፤ የፍሬን ሸራው ብናኝ ነው» አለችኝ።

እኔ ታምቡር ስትል ከበሮ ይመስለኝ የነበርኩ ሰው፣ ጎማው ውስጥ የሚዞረው፣ ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው ብረት መሆኑን አሁን ከሐኪሙ ተማርኩ። ሁለቱ ሲፋተጉ የሚወጣው ብናኝ ከላመ ዱቄት ይረቅቃል አሉ። ጥቁሩን እናየዋለን፤ ክፉው ግን አይታይም፣ ሳንባ ከገባም ወዲያ አይወጣም። የድሮ ሸራ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ወደ ቸሩ ዞረው፣ «ታምቡሩን በምንድን ነው የምታጸዱት?» አሉት።

«በንፋስ ነው ዶክተር። ኮምፕሬሰር አለን።»

«ልብሳችሁንስ?»

«እሱንም በንፋስ። ከሥራ ስንወጣ እኔ ዱባለን እነፋዋለሁ፣ እሱ እኔን ይነፋኛል። ቤት ንጹሕ ሆነን እንድንገባ።»

«ይህ ዱባለ የት ነው ያለው?» ሲሉ ባሌ መሆንህን ነገርኳቸው።

«ዶክተር፣ እሱ ወተት ይጠጣል፤ ቀን ዘሎ አያውቅም» አልኳቸው፣ ጠበቃህ ሆኜ።

«እናቴ፣ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ።»

ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን ያስፈልግ ነበር እንዴ? ጋራዡ ሁሉ ወተት ያጥባል አለ፣ እኛም አሜን አልን። ቸሩም ሲጠጣ ነው የኖረው።

አሁን እንዳትቆጣ። ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ መጥተህ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ዳገቱ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ እየቆምክ ሰላም ስትል ነበር። የማታውቀውን ሰውዬ እንኳ ስለ በሬው ጠየቅኸው። «ባልሽ እንዴት ያለ ትሑት ነው!» አሉኝ። ትሕትና እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ትንፋሽህን እስክትሰበስብ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ሰው የምትመክረው አንተው አይደለህም?

ካምፑ ውስጥም ፍሬን የምትፈታው አንተው ነህ፤ ከሶዶ ቁልቁል የወረደ መኪና ሁሉ ፍሬኑ ጦፎ አንተ ጋ ይቆማል። ታምቡሩን ከፍተህ ጎንበስ ስትል ይታየኛል። እስክመጣ ድረስ ንፋስ አትንካ። በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው፤ ሐኪሙ ናቸው ያሉት። የሚስቅብህ ይሳቅ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ሰኞ ራጅ ትነሣለህ። እምቢ ካልክ ካምፑ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጓደኞችህ ፊት አለቅሳለሁ፤ አፍሬ የምተው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቸሩ ጋደም ማለት አይችልም፤ ያፍነዋል። የማርያምወርቅ አልጋው ላይ ከኋላው ተቀምጣ፣ ጀርባውን በደረቷ ደግፋ ታስተኛዋለች። እሷም ቁጭ እንዳለች ነው የምታንቀላፋው። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው እያለቀስኩ ወጣሁ። ለእነሱ ያለቀስኩ መስሏታል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለራሴ ነበር።

ያ ቀን ቢመጣ እኔም እደግፍሃለሁ፤ አልሰለችም። ግን ዱባለ፣ እኔ ከጎንህ ጋደም ማለት ነው የምወደው። ቅዳሜ ጠብቀኝ።

የምትሳሳልህ ሚስትህ፣
ሰብለ